ሆድ ያጣው ከበሮ

«አባባ እኮ አይሰሙም» አለ መሳፍንት። «መሀል ቢቀመጡም ጥግ ቢቀመጡም ለእሳቸው ያው ነው። እንግዳው ሲመጣ ጓሮ በኩል ወንበር አውጪላቸውና ፀሐይ ይሙቁ። ዘፈኑ መሀል ጮክ ብለው መናገር ከጀመሩ ነገሩ ሁሉ ይበላሽብኛል።»

አቶ ውቤ ይህን የሰሙት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር ሲያስሩ ነው። የሚያድሩበትን ክፍል ከሳሎኑ የሚለየው ቺፑድ ነው፤ እንኳን ሰው ሲናገር ስኳር ሲማሰል ይሰማል። ልጃቸው ፍቅርአዲስ ለባሏ አንድ ነገር ትመልስለታለች ብለው ጠበቁ። ማንኪያው ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ ነካ፣ ወንበር ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ወዲያ ዝም አለ። ከአማቻቸው ንግግር ይልቅ ያ ዝምታ ነው ልባቸው የገባው። የግራ ጫማቸውን ክር ፈትተው እንደገና አሰሩት። ወጥተው «ሰምቻለሁ» ቢሉ ሁለቱም እንዲያፍሩ ማድረግ ነው፤ ሰው በገዛ ቤቱ እንዲያፍር ማድረግ ደግሞ የእንግድነት ወግ አይደለም። እሳቸው በዚህ ቤት እንግዳ ይሁኑ ባለቤት ይሁኑ ገና አልለየላቸውም። ባለቤታቸው ካረፈች በኋላ ጥሊሊ ያለውን ወፍጮ ለወንድማቸው ልጅ ለአስማረ አስረክበው እንጅባራ ከልጃቸው ዘንድ ከገቡ ገና ሦስተኛ ወራቸው ነው።

የወፍጮ ቤት ሰው ጆሮ የለውም ይባላል። ጥሊሊ ገበያ ላይ ልጆች ሳይቀሩ «ጆሮው ዱቄት ጠጥቷል» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ቀኝ ጆሯቸው፣ አርባ ዓመት ሙሉ በሞተሩ በኩል የነበረው፣ እውነትም ደክሟል። ግራው ግን እንጀራቸው ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ከድንጋዩ ድምፅ ብቻ ጤፍ ይሁን ገብስ፣ ደረቅ ይሁን እርጥበት የያዘ ይለያሉ። ድንጋዩ መወቀር ሲፈልግ ገበሬው ዱቄቱን ዳስሶ «ሻክሯል» ከማለቱ በፊት እሳቸው ሞተሩን አጥፍተው መዶሻቸውን አንስተዋል። አንድ ጊዜ ከአንዲት ሴት በቆሎ ውስጥ ምስማር ገብቶ ድንጋዩን ሳይነካ፣ ገና የወፍጮው አፍ ላይ ሲንከባለል ሰምተው ድንጋዩን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ችንጊያውን፣ ጥለውታል። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ድረስ ጠንቋይ ናቸው ትላለች።

ነገሩ የተጀመረው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። መሳፍንት ኮሌጅ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ ረዳት ነው፤ የፍኖተ ሰላም ልጅ ስለሆነ አገውኛ ብዙም አይገባውም፤ ይሁን እንጅ ያለፈውን ዓመት ቅዳሜና እሑድ ሁሉ የጨረሰው የአገውኛ የሠርግ ዘፈን በመቅዳት ነው። ግምጃ ቤት ከተማ ወርዶ አሥራ አራት ሴቶች ክብ ሠርተው እንዲቆሙ አድርጎ፣ በአምስት ማይክ ከአምስት አቅጣጫ ቀድቷቸዋል። ያ ዘፈን በአምስት ስፒከር ሲሰማ ሰሚው ክቡ መሀል እንደቆመ ያህል ነው ይላል፤ አንዷ ከኋላ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ከፊት ይቀበሏታል፣ ጭብጨባው በጎን ያልፋል። ለዚህ ሲል ሞተር ሳይክሉን ሸጦ ያገለገሉ ስፒከሮች ገዝቷል። ሳሎኑ አሁን የሚመስለው የሙዚቃ ቤት ነው። ሁለቱ ትልልቅ ሳጥኖች ከቡፌው ግራና ቀኝ ቆመዋል፣ አንዱ ትንሽ ቴሌቪዥኑ ሥር ተጋድሟል፣ የኋላዎቹ ሁለቱ ደግሞ መንገድ ዳር ከሚሸጡት የቀርከሃ ማስቀመጫዎች ላይ ወጥተዋል። ለባስ ብቻ የሚሆነው ስድስተኛው ሳጥን ገና አልተገዛም፤ ባሱን የሚሸከሙት የፊተኞቹ ሁለቱ ናቸው። ሶፋው ከግድግዳው ተጎትቶ ቤቱ መሀል ቆሟል፤ ወደ ጓዳ ለማለፍ ሰው በጎኑ መሄድ አለበት።

ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት አቶ አሸናፊ ይመጣል። ዳንግላ የሚኖር፣ የቆዩ ዘፈኖችን የሚያሰባስብ ማኅበር ኃላፊ ነው። ባለፈው ክረምት መሳፍንት በስልኩ አሰምቶት ነበር፤ «በስልክማ ሁሉም ዘፈን ትንኝ ነው» ብሎ መለሰለት። ዛሬ ከወደደው ማኅበሩ መሳፍንትን በየወረዳው እየላከ ያስቀዳዋል፤ ካልወደደው የአንድ ዓመት ልፋት ላፕቶፕ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ ትናንት ዕቃው ተገጥሞ ሲያልቅ ጎረቤቶች ተጠሩ። ሁሉም ሶፋው ላይ በየተራ እየተቀመጡ «ወይ ጉድ! ቤቱ እኮ ሰፋ!» አሉ። አቶ ውቤም ተራቸው ደርሶ ተቀመጡ፣ አዳመጡ፣ «ከበሮው ሆድ የለውም» አሉ። መሳፍንት ጎንበስ ብሎ፣ እሱም በቀኝ ጆሯቸው በኩል፣ «ድምፁን ልጨምርልዎ አባባ?» ብሎ ጮኸባቸው። ጎረቤቶቹ ሳቁ። እሳቸውም ፈገግ ብለው ተነሡ፤ ሌሊቱን ግን ያ ሆድ የሌለው ከበሮ እንደ ላላ ችንጊያ ሲከነክናቸው አደረ።

መሳፍንት ቁርሱን በልቶ እንግዳውን ሊያመጣ ወደ ዳንግላ ሚኒባስ ተሳፈረ። ፍቅርአዲስ ገበያ ደርሳ በአምስት ሰዓት ግድም ስትመለስ አባቷን ሶፋው ፊት ቆመው፣ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው የተዘጉትን ሳጥኖች ሲያዩ አገኘቻቸው። ዘንቢሉን አስቀመጠች። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የምታስተምር፣ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ እስከ መንገድ የሚሰማ ሴት ናት፤ ቤት ውስጥ ግን ከመናገር ይልቅ ዕቃ ማንቀሳቀስ ይቀላታል። ቲማቲሙን አወጣች፣ ድንቹን ለየች፣ ዓይናቸውን ሳታይ «ራበህ አባየ?» አለች።

«አልራበኝም። ይህን ነገር ክፈችልኝ እስኪ።»

«መሳፍንት ሳይኖር…»

«እኔ ጣቴን አላሳርፍበትም። አንቺ ነሽ የምትከፍችው።»

ቆመች። እምቢ ልትል ነበር፤ ከዚያ ጠዋት ያላለችው ነገር ትዝ አላት መሰል፣ ሪሞቱን አንስታ ከፈተችው። ሴቶቹ ቤቱን ሞሉት። አቶ ውቤ «አንቺ መሀል ተቀመጭ» አሏትና እሳቸው ወፍጮ ቤት እንዳሉ ሁሉ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ሰበር፣ ግራ ጆሯቸውን ቀደም አድርገው ዝግ ብለው ቤቱን ይዞሩት ጀመር። ከኋላ ሳጥኖቹ አጠገብ ቆሙ። ቴሌቪዥኑ ሥር ወዳለው ጎነበሱ። ከቡፌው ግራ ወደቆመው ትልቁ ሳጥን ሲጠጉ ከበሮው ደረታቸውን ነካቸው። ወደ ቀኙ ሄዱ፤ እዚያም ነካቸው። ከሁለቱ መሀል፣ ሶፋው ፊት ሲቆሙ ከበሮው ሄደ፤ የቀረው የቆዳው ኳኳታ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።

«እንዴት ይሰማሻል?»

«ጥሩ ነው። ቤቱን ሞልቶታል።»

«የሞላውስ እንደ ጠላ አረፋ ነው። ነይ እዚህ ቁሚ።»

ግራው ሳጥን አጠገብ አቆሟት፤ ከዚያ ቀኙ አጠገብ፤ ከዚያ መሀል። ፊቷ ሲለወጥ አዩት። ሕፃን ሳለች ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ጆንያ ላይ ተኝታ ያደገች፣ ሞተሩ ሲጠፋ ብቻ ከእንቅልፏ የምትባንን ልጅ ነበረች፤ ድምፅ ሲጎድል ታውቃለች። እንደገና ግራ ሄደች፣ እንደገና መሀል ተመለሰች። «ጠፋ» አለች ቀስ ብላ። «መሀል ስገባ ይጠፋል።»

«ሁለት ሰው ግንድ ሲሰነጥቅ አይተሻል አይደል በትልቁ መጋዝ? አንዱ ሲስብ ሌላው መልቀቅ አለበት። ሁለቱም እኩል ከሳቡ መጋዙ ባለበት ይቆማል። እነዚህም እንደዚያ ይጓተታሉ፤ አየሩን አንዱ ወደፊት ሲገፋ ሌላው በዚያው ጊዜ ወደኋላ ይስበዋል። መሀል ላይ የሚገናኘው ባዶ ነው። ወፍጮውን ወደ መብራት የቀየርን ጊዜ ሽቦው ተገላብጦ ድንጋዩ የኋሊት አልዞረም? የዚያ ብጤ ነው።»

ጎንበስ ብላ ከሳጥኖቹ ጀርባ ያለውን ሽቦ አየች። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር፣ ምንም ስሕተት የለም። መሳፍንት አራት ጊዜ ፈትሾታል። አቶ ውቤ መነጽራቸውን አድርገው እሳቸውም አዩ። ዓይን ልክ ነው ካለ የተሳሳተው ጆሮ ነው ማለት ነው፤ ጆሯቸው ከተሳሳተ ደግሞ ጠዋት ከቺፑዱ ማዶ የተባለው ሁሉ እውነት ነው፣ የሚቀራቸውም ጓሮ ፀሐይ መሞቅ ብቻ ነው። ግን ልጃቸውም ሰምታለች። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ኮፍያቸውን አነሡ።

«ወዴት ነው?»

«ሐሰን ዘንድ። ምሳ እንዳትጠብቂኝ።»

ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጥታለች፤ እንጅባራ ግን ፀሐይዋም ቀዝቃዛ ናት። ከሰል የጫነ አይሱዙ እያቃሰተ ዳገቱን ይወጣል፤ ባጃጆቹ እንደ ንብ ከግራም ከቀኝም ይወጣሉ። አቶ ውቤ ሃያ ብር ከፍለው ባጃጅ መያዝ ይችሉ ነበር፤ በእግራቸው መሄድን መረጡ፤ ሲሄዱ ነው የሚያስቡት። ባጃጅ ከኋላ ሲመጣ ገና መታጠፊያው ላይ ሳለ ሰምተው ጥግ ይይዛሉ። «ለማይሰማ ሰው ይህ መልካም ነው» አሉ ለራሳቸው፣ ሳቃቸውም መጣ።

ሐሰን ገበያው ጫፍ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ድሮ የወፍጮውን ሽቦና ፊውዝ ጥሊሊ ድረስ ይልክላቸው ነበር፤ እሳቸውም የቤቱን ጤፍ ሲፈጩለት ከሌላ ሰው እህል ጋር ሳያነካኩ፣ ድንጋዩን ጠርገው ነው። ስለዚህ ሲያያቸው ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥቶ ወንበር ሳበላቸው። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሩት፤ ጠዋት የሰሙትን ብቻ አስቀሩ። ሐሰን ጢሙን እያሻሸ አዳመጠ።

«ጋሽ ውቤ፣ ሳጥኑ ተከፍቶ የታሸገ ነው? ብሎኖቹን አይተዋቸዋል?»

«አንደኛው ሳጥን ላይ ጫፋቸው ተቧጭሯል።»

«በቃ። አንድ ሰው ለጥገና ከፍቶታል፣ ሲመልሰው ውስጡን አገላብጦ በይዶታል። ከውጭ ቀለሙ ልክ ነው፤ ውስጡ ውሸታም ነው።» ከመደርደሪያው አንድ የባትሪ ድንጋይ አወረደ። «ሽቦውን ከአምፕሊፋየሩ ላይ ይንቀሉት። ቀዩን በድንጋዩ ጡት በኩል፣ ጥቁሩን በቂጡ በኩል አንድ አፍታ ነካ፣ ከዚያ ለቀቅ ያድርጉት። ጤነኛው ስፒከር ወረቀቱን ወደ ውጭ ይገፋል። የተገለበጠው ወደ ውስጥ ይውጣል። እሱን ሽቦውን ሆን ብለው ገልብጠው ይሰሩለት።» ከዚያ ቀና ብሎ አያቸውና ጠየቀ። «ግን ይህን በጆሮ ብቻ ነው ያወቁት?»

«በጆሮ ነው እንጅ።»

«እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ስፒከር ስሸጥ አንድ ሰው እንኳ ይህን ብሎኝ አያውቅም። ሰዉ እንዲያውም ሲገለበጥ ‹ቤቱ ሰፋ› እያለ ይወደዋል።»

አቶ ውቤ ድንጋዩን በደረት ኪሳቸው አድርገው ዳገቱን ሲወጡ እርምጃቸው ሲወርዱ ከነበረው ይልቅ ፈጠነ።

ቤት ሲደርሱ ስምንት ሰዓት አልፏል። ፍቅርአዲስ የሳጥኖቹን ጨርቅ አንሥታ፣ የዕቃውን መብራት አጥፍታ ጠበቀቻቸው። መጀመሪያ የግራውን ሞከሩ፤ ድንጋዩ ሲነካው ክቡ ጥቁር ወረቀት እንደ ሕፃን ሆድ ወደ ውጭ ነፋ አለ። የቀኙን ሽቦ ነቅለው በእጃቸው እንደያዙ የመኪና በር ከውጭ ተዘጋ። መሳፍንት የዘጠኙን ቀጠሮ በስምንት ተኩል አድርሶታል። ከኋላው አጠር ያለ፣ ሹራብ የደረበ፣ ቦርሳ ያነገተ ሰው ገባ፤ አቶ አሸናፊ ነው።

መሳፍንት መጀመሪያ የተነቀለውን ሽቦ፣ ቀጥሎ አማቱን፣ ቀጥሎ ሚስቱን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አባባ! ምን ነካዎት?» አለ። ወዲያው እንግዳው አጠገቡ መሆኑ ትዝ ሲለው ሳቅ ለመምሰል ሞከረ። «ይቅርታ አቶ አሸናፊ፣ አባባ ትንሽ… ዕድሜም አለ፣ ጆሯቸውም…» ሽቦውን ከእጃቸው ወሰደ። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር መልሶ አሰረ። ከዚያ ክንዳቸውን ይዞ በጓዳ በኩል ወደ ጓሮ ወሰዳቸው። አቶ ውቤ አልታገሉም። እንግዳ ፊት ከልጅ ባል ጋር መጓተት ነውር ነው። ፀሐይ ላይ በወጣችው ወንበር ተቀመጡ፤ ክንዳቸው ላይ የእጁ ሙቀት ቀርቶ ነበር። ድንጋዩ ከኪሳቸው አልወጣም።

በተከፈተው የጓዳ በር ሁሉንም ሰሙት። አቶ አሸናፊ ሶፋው መሀል እንደተቀመጠ የሶፋው እስፕሪንግ ነገራቸው። የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ። ሁለተኛው አለቀ። መሳፍንት በየመሀሉ እየቸኮለ ያብራራል፤ እዚህ ጋ ስድስት ሴቶች ናቸው፣ ይህ ጭብጨባ ከኋላ ነው። በሦስተኛው ዘፈን መጨረሻ የእንግዳው ድምፅ መጣ።

«መሳፍንት፣ ድካምህ ይታየኛል። ስፋት አለው፣ ዙሪያዬን ከቦኛል። ግን እውነቱን ልንገርህ? እነዚህ ሴቶች የሚጨፍሩት መሬት ላይ ነው። እዚህ ቤት ግን እግራቸው መሬት አልነካም። እንዲህ ሆኖ ወደ ማኅበሩ ብወስደው…» የቦርሳ ዚፕ ሲሳብ ተሰማ። «እስኪ ለወደፊቱ እናያለን።»

አቶ ውቤ ወንበሩን ጨብጠው ሊነሡ ሲሉ የሌላ ሰው እግር ሳሎኑ መሀል ቆመ። የልጃቸው ድምፅ ነው፤ የቤቷ ድምፅ ግን አይደለም፣ ያ የትምህርት ቤቱ፣ እስከ መንገድ የሚሰማው ነው።

«አቶ አሸናፊ፣ ይህን እርስዎ አሁን ያሉትን አባቴ ትናንት ብሎታል። ሳቅንበት። ዛሬ ጠዋት አይሰማም ተባለ፤ እኔ ልጁ አፌን ዘግቼ ተቀመጥሁ። አባቴ ይሰማል። ከዚህ ቤት ውስጥ የሚሰማ ቢኖር እሱ ነው። አምስት ደቂቃ ይቀመጡልኝ።» ከዚያ ወደ ጓሮው ዞራ ጠራች። «አባየ! ድንጋዩን ይዘህ ና።»

አቶ ውቤ አልቸኮሉም። ጋቢያቸውን አጣፉ፣ በጓዳው አልፈው፣ በሶፋው ጎን ሾልከው ገቡና እንግዳውን ጎንበስ ብለው ሰላም አሉት፤ ቅድም በወጉ አልተዋወቁም ነበር። ከዚያ ወደ አማቻቸው ዞሩ። «መብራቱን አጥፋልኝ» አሉት። አጠፋ። ሁለቱንም ሽቦ ነቀሉና መዳፉን ይዘው ከግራው ሳጥን ክብ ወረቀት ላይ በቀስታ አሳረፉት። ድንጋዩን አስነኩ። ወረቀቱ መዳፉን ገፋ። ወደ ቀኙ ወሰዱት፤ ያንኑ ድንጋይ፣ ቀዩን በጡቱ ጥቁሩን በቂጡ፣ እንደዚያው አስነኩ። ወረቀቱ ከመዳፉ ሸሸ።

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። መሳፍንት ሥራው ነው፤ ከማንም በላይ የሚገባው እሱ ነው። መዳፉን እዚያው ትቶ ቆየ። «ከውስጥ ነው» አለ፣ ለራሱ ነው የሚመስለው። «ከውስጥ ተገልብጦ… እኔ እኮ ቀለሙን ብቻ ነው…» ጆሮዎቹ ቀሉ። አቶ ውቤ ሽቦውን እሳቸው ሊያስሩት ይችሉ ነበር፤ ጣታቸው ከዚህ የሚረቅ ሥራ ሠርቷል። ግን ሁለቱን ጫፎች ሰብስበው አስጨበጡት።

«ገልብጠህ እሰረው። ዕቃው ያንተ ነው፣ ሥራውም ያንተ።»

ቀዩ ከጥቁር፣ ጥቁሩ ከቀይ ታሰረ። መብራቱ በራ። መሳፍንት ሦስተኛውን ዘፈን ከመጀመሪያው መለሰው። በመጀመሪያ አንዲት ሴት ብቻዋን ከኋላ አወጣች፤ ከዚያ ከበሮው ገባ። ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቃጨሉ። አቶ አሸናፊ እጁን ሳያውቀው ደረቱ ላይ አደረገ። ከበሮው አሁን ሳጥን ውስጥ የለም፤ ከሁለቱ ሳጥኖች መሀል፣ ምንጣፉ ላይ፣ ሰው ሊነካው በሚችልበት ቦታ ቆሞ ይመታል። ከበሮው ቦታውን ሲይዝ ሴቶቹም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። አንዷ ከመስኮቱ በኩል፣ ሁለቱ ከጓዳው በር፣ ሌሎቹ በዙሪያ፣ ሁሉም እግር አወጡ፤ መሬት ሲረግጡ በቤቱ ወለል ውስጥ ተሰማ። አቶ ውቤ ሶፋው ጀርባ ቆመው በግራ ጆሯቸው ያዳምጣሉ። የሚሉት በአገውኛ ነው፤ ሙሽራዪቱን ያሳደገቻትን እናት ያመሰግናሉ። ተቀባዮቹ ጋ ሲደርስ አፋቸው በራሱ ተከፍቶ አብረው ተቀበሉ። ድምፃቸው ሻካራ ነው፣ ምንም አላማረም። ፍቅርአዲስ ከአጠገባቸው ሆና ተቀበለች፤ አቶ አሸናፊም፣ የዳንግላ ልጅ አይደል፣ ከተቀመጠበት ተነሥቶ እያጨበጨበ ተቀበለ።

ዘፈኑ ሲያልቅ መሳፍንት ጎንበስ ብሎ የአማቱን ጉልበት ሊስም ሄደ። ሳይደርስ ያዙት፣ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ተው። ያንተም ጆሮ ደኅና ነው፤ ባይሆን እንዲህ አድርገህ አትቀዳቸውም ነበር። ከበሮውን መሀል ማድረግህ ጥሩ ነው። ከጓዳው በኩል ያሉት ሁለቱ ሴቶች ግን ማይኩን ተጠግተውታል። ሌላ ጊዜ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይበሉ።»

መሳፍንት ብዕር ፈልጎ ክንዱ ላይ እንደመጻፍ ሲል ፍቅርአዲስ ደብተር ሰጠችው። አቶ አሸናፊ ቦርሳውን ከፍቶ የራሱን ማስታወሻ አወጣ፤ ከየትኛው ወረዳ እንጀምር፣ ስንት ቀን ይበቃሃል እያለ ይጠይቅ ገባ። ከሁሉ በፊት ግን ከበሮው የማን እንደሆነ ማወቅ ፈለገ።

«ወይዘሮ ሸጋ ይባላሉ» አለ መሳፍንት። «እንዲያውም ልደውልላቸው። ያኔ ስቀዳቸው ይጨነቁ ነበር፤ ምን እንደሚሉ ግን በደንብ አልገባኝም።» ደወለና ማኅበሩ እንደወደደው፣ ሥራው እንደሚቀጥል በአማርኛ ለማስረዳት ጀመረ። ከወዲያ ያለችው ሴት ግን አቋረጠችው፤ አንድ ነገር ደጋግማ ትጠይቃለች። ትከሻውን ነቀነቀና ስልኩን ለአቶ ውቤ ሰጣቸው። «እርስዎ ያናግሯቸው አባባ፤ እኔ አልችልም።»

አቶ ውቤ ስልኩን ወደ ግራ ጆሯቸው አዛወሩት። በአገውኛ ሰላም አሉ፣ ዘመድ ጠየቁ፣ አዝመራ ጠየቁ፣ ከዚያ ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ፊታቸው ሲበራ ሁሉም አየ። የሰሙትን ለቤቱ ሰዎች በአማርኛ መለሱት። «ወጣቶቹ ድምፃቸው ጠንካራ ነው፣ ከበሮዬን ሳይቀብሩት አይቀሩም ብዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲከነክነኝ ነው፣ ለመሆኑ ይሰማል ወይ? ነው የምትለው።» ወደ ስልኩ ተመልሰው አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። ከወዲያ እልልታ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ጥያቄ።

«አሰሙኝ ትላለች» አሉ። «በስልክ አይሆንም። ቅዳሜ ኑ ልበላት?» መልስ ግን አልጠበቁም። በአገውኛ ቀጠሉ፤ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ከመነኸሪያው በየት በኩል እንደሚመጣ፣ አንድ ሰው በር ላይ እንደሚጠብቃቸው፤ እንደ ባለቤት ነው የሚናገሩት። ሴትዮዋ ስንት ሆነው ቢመጡ እንደሚሻል ጠየቀቻቸው።

«አሥራ አራታችሁም» አሉ አቶ ውቤ።

ስልኩን ሲዘጉ ዘወር ብለው ልጃቸውን አዩ። ፍቅርአዲስ ሳሎኑን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በዓይኗ ለክታ ጨርሳለች። አሥራ አራት ሴት ቆማ የምትጨፍርበት ቦታ ያስፈልጋል። የሶፋውን አንድ ጫፍ ይዛ ነቀነቀችው።

«መሳፍንት፣ ያዝ እስኪ በዚያ በኩል» አለችው። «ይህ ከዚህ ቤት መውጣት አለበት።»